የብረት ዝገትና መከላከያ ሽፋኖች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የዝገት ጥናት ብረታ ብረት ከአየር፣ ከውሃ፣ ከአፈርና ከኬሚካል ጋር ሲገናኝ እንዴትና በምን ፍጥነት እንደሚበላ፣ ምን ዓይነት ሽፋንም እንደሚያድነው የሚመረምር ዘርፍ ነው። ኬሚስትሪን፣ የኤሌክትሪክ እውቀትንና ምህንድስናን ያጣምራል። በብሪታንያ በ1971 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሆር ኮሚቴ ሪፖርት አገሪቱ በዝገት ምክንያት በዓመት 1,365 ሚሊዮን ፓውንድ እንደምታጣ አስልቶ ነበር። ይህም ከብሔራዊ ምርቷ 3.5 በመቶ ገደማ ነው። ከዚሁ ኪሳራ 310 ሚሊዮን ያህሉን በጊዜው በነበረው እውቀት ብቻ ማዳን ይቻል እንደነበርም ሪፖርቱ ገልጿል። ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ብረት የሚበላው የታወቀው ሥራ በአግባቡ ሳይሠራ እየቀረ ነው።

ዝገት እንዴት ይጀምራል?

ንጹሕ ላሜራ ላይ የጨው ውሃ ጠብታ ቢቀመጥ ዝገቱ የሚጀምረው አየር በብዛት ከሚደርስበት ከጠብታው ዳር ይመስላል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዩሊክ ኢቫንስ በ1920ዎቹ ባደረገው ሙከራ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አሳየ። በጠብታው ውስጥ ፖታሲየም ፌሪሳያናይድና ፌኖልፍታሊን ሲጨመሩ የሚሟሟው ብረት ሰማያዊ፣ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) የሚፈጠርበት ቦታ ደግሞ ሮዝ ይሆናል። ትንሽ ሲቆይ የጠብታው መሐል ሰማያዊ፣ ዳሩ ዙሪያውን ሮዝ ይሆናል፣ በሁለቱ መካከል ቡናማ የዝገት ቀለበት ይወጣል። ኦክስጅን የሚበዛበት ዳር ኤሌክትሮን ተቀባይ፣ ማለትም ካቶድ ሆነ፤ ኦክስጅን ያነሰበት መሐል አኖድ ሆኖ ተበላ ማለት ነው። ብረት በብሎን ሮንዴላ ሥር፣ በሁለት ላሜራ መጋጠሚያ ውስጥ፣ በጭቃ በተሸፈነ የመኪና ወለል ላይ ቀድሞ የሚበሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዝገት እንዲኖር አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ የሚበላ ቦታ፣ ኤሌክትሮን የሚቀበል ቦታ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ብረትና ጨው ያዘለ እርጥበት። ከአራቱ አንዱን ማቋረጥ ከተቻለ ዝገቱ ይቆማል። ዝገቱ ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ከላዩ ያለውን ቀለም ያነሣል፣ ፌሮን ያቀፈውን ኮንክሪትም ይሰነጥቃል።

የሚከልል ሽፋንና የሚሠዋ ሽፋን

ሽፋኖች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ውሃና ጨው ወደ ብረቱ እንዳይደርስ የሚከልል ነው፤ ቀለም፣ ፕላስቲክ፣ ኢናሜልና የቆርቆሮ ጣሳ ላይ ያለው የቲን ሽፋን ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ብረቱን ከመከለል አልፎ ራሱ እየተበላ የሚያድን ነው፤ ዋናው ምሳሌ ዚንክ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሽፋኑ ሲጫር ነው። ቲን ሲጫር በውጭ አየር ላይ የተጋለጠው ብረት ከቀድሞው ይበልጥ ፈጥኖ ይዝጋል፤ ዚንክ ሲጫር ግን በዙሪያው ያለው ዚንክ ኤሌክትሮን እየለገሰ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ጭረት ይጠብቃል። የዚንክ መደበኛ ቮልቴጅ (ዝቅ ያለው ብረት ኤሌክትሮኑን ቀድሞ ይለቃል) −0.76፣ የብረት −0.44 በመሆኑ ቅድሚያ የሚሟሟው ዚንኩ ነው። ይህ ደንብ ሁልጊዜ አይሠራም፤ በአንዳንድ ውሃዎች ውስጥ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጡና ብረቱ ዚንኩን ማዳን ይጀምራል። የዚንክ ሽፋን ያለው የሙቅ ውሃ ታንከር በነጥብ በነጥብ የሚበሳው አንዳንዴ በዚህ ነው።

የመሠዋቱን ሐሳብ በተግባር የፈተነው እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ነው። በ1824 የብሪታንያ የጦር መርከቦች ከሥር የለበሱትን መዳብ ከባሕር ውሃ ለማዳን ቁራጭ ብረት አያያዘበት፤ መዳቡም በእርግጥ ዳነ። ነገር ግን ሳማራንግ በተባለችው መርከብ ላይ ሲሞከር ሆዷን የባሕር አረምና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ሸፈኑት። ቀድሞ ያባርራቸው የነበረው እየሟሟ የሚወጣው መዳብ ነበርና፣ መሟሟቱ ሲቆም መርዙም ቆመ። አንድን ብረት ከዝገት ማዳን ሌላ ጥቅም ሊያስቀር እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ማንም የዘርፉ ሰው አይዘነጋም።

በቀለጠ ዚንክ መንከር

ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 ፈቃድ ያወጣበት አሠራር ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። ብረቱ መጀመሪያ በሞቀ ሶዳ ከቅባት ይጸዳል፤ ታጥቦ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገንዳ ውስጥ ዝገቱንና ከፋብሪካ የመጣበትን ጥቁር ቅርፊት ይጥላል። እንደገና ታጥቦ የዚንክና የአሞኒየም ክሎራይድ ውሁድ ውስጥ ይነከራል፤ ይህ እርከን ከአሲዱ እስከ ዚንኩ ባለው መንገድ ብረቱ ዳግም እንዳይዝግ ያደርጋል። ከደረቀ በኋላ 450 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ዚንክ ውስጥ ይገባል (ዚንክ የሚቀልጠው በ419.5 ዲግሪ ነው)። ከማውጣት በፊት ከላይ የተንሳፈፈው አመድ ይገፈፋል፤ ካልተገፈፈ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ይወጣል።

እዚያ ውስጥ ዚንኩ በብረቱ ላይ እንደ ቀለም የሚቀባ ሳይሆን ከብረቱ ጋር ይዋሐዳል። ከብረቱ አጠገብ ጋማ የተባለ ቀጭን እርከን፣ ቀጥሎ ዴልታ፣ ከዚያ ዜታ ይፈጠራል፤ ከላይ ንጹሕ ዚንክ የሚባለው ኢታ ይቀራል። ዴልታ ከራሱ ከብረቱ ይጠነክራል፣ ኢታ ግን ለስላሳ ነው፤ ሽፋኑ በመዶሻ ምትና በመጎተት ቶሎ የማይላጠው በዚህ የእርከኖች አደራደር ነው።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዲዛይኑ ነው። ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦላሬ አየርና ውሃ ይዞ ገንዳው ውስጥ ከገባ ውሃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፣ የቀለጠ ዚንክም በሠራተኛው ላይ ይረጫል። ስለዚህ በያንዳንዱ ዝግ ክፍል ላይ አየር የሚወጣበትና ዚንኩ የሚፈስበት ቀዳዳ፣ በሰያፍ ትይዩ ጫፎች ላይ፣ ከብየዳው በፊት መበሳት አለበት። ሌላው ችግር ከብረቱ ቅንብር ይመጣል፤ ሲልከን ከ0.04 እስከ 0.14 በመቶ አካባቢ ሲሆን ውህደቱ ያለ ልክ ይፈጥንና ወፍራም፣ ግራጫና ተሰባሪ ሽፋን ይሰጣል። ነካሪው ምንም ቢጠነቀቅ ሊያርመው አይችልም፤ መጠየቅ ያለበት ብረቱ ሲገዛ ነው።

በተነከረ ብረት ላይ መበየድ ካስፈለገ በብየዳው ዙሪያ ያለው ዚንክ አስቀድሞ በግራይንደር መነሳት አለበት። ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ጭሱን የተነፈሰ በያጅ ማምሻውን በትኩሳትና በብርድ ይንቀጠቀጣል። የተነሳው ቦታ በዚንክ በበለጸገ ቀለም ይጠገናል። በቀለጠ ዚንክ ለመንከር በወጣው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) መስፈርት 1461 መሠረት በነካሪው የሚጠገነው ቦታ ከዕቃው ስፋት 0.5 በመቶ፣ አንዱ ጥገናም 10 ካሬ ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም።

ውፍረትና ዕድሜ

ዚንክ በአየር ላይ እኩል እየሳሳ ስለሚሄድ የሽፋኑን ዕድሜ መገመት ቀላል ነው፦ ውፍረቱን በዓመታዊ ብክነቱ ማካፈል። ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር ለሚበልጥ ብረት ይኸው መስፈርት በአማካይ 85 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይጠይቃል። የጣራ ቆርቆሮ ግን በጥቅል እየተሳበ በፍጥነት ስለሚነከር ሽፋኑ በጣም ቀጭን ነው፤ ዜድ 275 ሲባል በሁለቱም ፊት ላይ በድምሩ 275 ግራም በካሬ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ፊት 20 ማይክሮን የማይሞላ ማለት ነው። ዜድ 100 ደግሞ 7 ማይክሮን ብቻ ነው።

አይኤስኦ 9223 የአየር ጠባይን በዝገት አቅሙ ይመድባል። ደረቅና ንጹሕ በሆነው ሲ2 ምድብ ዚንክ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.7 ማይክሮን፣ በሲ3 ከ0.7 እስከ 2.1፣ በባሕር ዳርቻው ሲ5 ከ4.2 እስከ 8.4 ማይክሮን ይበላል። ያው ዜድ 275 ቆርቆሮ በሲ2 ቢያንስ 27 ዓመት ሲቆይ በሲ5 ከ5 ዓመት አይዘልቅም። በኢትዮጵያ ደጋ ከባሕር ጨው የራቀ ቤት ጣራውን ለልጆቹ ሲያወርስ፣ በጅቡቲ ወደብ አጠገብ ያለው ያው ቆርቆሮ በጥቂት ዓመት የሚቀላው በዚህ ነው። ቆርቆሮ ሲገዛ ሁሉም ጌጁን ይጠይቃል፤ ጌጅ ግን የሚናገረው ስለ ላሜራው ውፍረት ነው። የዝገት ዕድሜውን የሚወስነው የዚንኩ ግራም ስለሆነ መጠየቅ ያለበት ይኸኛው ነው።

በክረምት ተደራርቦ የተቀመጠ አዲስ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ነጭ ዝገት ይባላል። ዚንክ የሚጸናው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ የሚፈጥረው ካርቦኔት ሲሸፍነው ነው፤ በሁለት ቆርቆሮ መካከል ውሃ ሲታሰር ግን አየር ስለማይደርሰው ለስላሳ ሃይድሮክሳይድ ብቻ እየሠራ ያልቃል። መድኃኒቱ ነጣጥሎ፣ አዘንብሎ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ቆርቆሮ በግራይንደር መቁረጥም አይገባም፤ የጋለው ብናኝ ሽፋኑን አቃጥሎ ይጣበቅና በመጀመሪያው ዝናብ ቀይ ነጠብጣብ ይሆናል። በመቀስ መቁረጥ ይሻላል። የእንጨት ጭስ አሲድ ስላለው ማድ ቤት ላይ ያለ ጣራ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ሊበላ እንደሚችልም ይታወስ።

ቀለም

ቀለም የሚወድቀው ከጣሳው ሳይሆን ከሥሩ ነው። አዲስ ብረት ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጥቁር ቅርፊት ብረት ቢመስልም ከብረቱ ይልቅ ዝገትን የሚቋቋም በመሆኑ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ብረት ያስበላዋል። በዚያ ላይ የተቀባ አንቲረስት ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ይረግፋል። ለከባድ ሥራ ብረቱ በአሸዋ መሰል ጠጣር ብናኝ ተረጭቶ ኤስኤ 2½ የሚባለው የጽዳት ደረጃ ላይ መድረስ አለበት። የሚሟሟ ጨው ፊቱ ላይ ከቀረ ደግሞ ቀለሙ ምንም ያህል ቢወፍር እርጥበት በቀለሙ አልፎ ወደ ጨው ስለሚሳብ ውሃ ያዘለ እብጠት ያወጣል፤ ስለዚህ ከመርጨቱ በፊት በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግድ ነው። ብረቱ ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ይህ ማለዳ ላይ ቀለም መቀባትን አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላል።

ሹል ጠርዝ ላይ ቀለም ስለሚሸሽ ጠርዙ ወደ 2 ሚሊሜትር ራዲየስ ይዶለድላል፤ ብየዳና ብሎኖችም ከዋናው እርከን በፊት በብሩሽ ለብቻቸው ይቀባሉ። የውፍረት ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ነው። ጠጣር ይዘቱ በመጠን 50 በመቶ የሆነ ቀለም በ160 ማይክሮን ርጥብ ሲቀባ 80 ማይክሮን ደረቅ ይቀራል። 10 በመቶ ቲነር ከተጨመረበት ግን ያው 160 ማይክሮን 73 ብቻ ይሆናል። በሲ5 አካባቢ ለረጅም ዕድሜ በተለምዶ የሚመከረው ዚንክ የበዛበት ኢፖክሲ (ጠንካራ የሙጫ ቀለም) ከሥር፣ ኢፖክሲ ከመሐል፣ ፖሊዩሬቴን ከላይ፣ በድምሩ 260 ማይክሮን ገደማ ነው። ፖሊዩሬቴኑ የሚያስፈልገው ኢፖክሲ በፀሐይ ስለሚነጣና ዱቄት ስለሚሆን ነው።

በዚንክ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ መቀባት በየሠፈሩ የሚደጋገም ስሕተት ነው። ከዚንኩ የሚወጣው አልካላይ ዘይቱን ወደ ሳሙና ስለሚለውጠው ቀለሙ በአንድና ሁለት ክረምት እንደ ልጣጭ ይነሣል። ለዚንክ የተሠራ የኢፖክሲ ወይም በውሃ የሚበረዝ የአክሪሊክ ቀለም፣ ፊቱ ቀለል ተደርጎ ከሻከረ በኋላ፣ በደንብ ይይዛል። በትክክል ከተሠራ ዚንክና ቀለም አብረው የሚሰጡት ዕድሜ የሁለቱን ድምር ከ1.5 እስከ 2.3 እጥፍ ይደርሳል።

ፈተናውና ያልተፈታው

ተመራማሪን የሚያስቸግረው 20 ዓመት የሚቆይ ነገር በሁለት ወር መፍረድ ነው። ከ1939 ጀምሮ በደንብ የሠፈረው የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ድርጅት የኤኤስቲኤም ቢ117 ፈተና ናሙናውን 35 ዲግሪ በሞቀ ሳጥን ውስጥ 5 በመቶ የገበታ ጨው ባለበት ጭጋግ ውስጥ ያለማቋረጥ ያቆየዋል። የምርት ጥራት ለመቆጣጠር ይጠቅማል፤ ዕድሜን ለመተንበይ ግን አይመጥንም። ናሙናው ፈጽሞ ስለማይደርቅ ዚንክ ካርቦኔቱን አይሠራም፤ ስለዚህ በሜዳ ጥሩ የሆነ ዚንክ በሳጥኑ ውስጥ ይወድቃል፣ መካከለኛ ቀለም ደግሞ ያልፋል። «1,000 ሰዓት የጨው ፈተና አልፏል» የሚል ማስታወቂያ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይናገርም።

የተሻለው ዘዴ መለዋወጥ ነው። አይኤስኦ 12944-9 አንድ ዙሩን 168 ሰዓት አድርጎ 72 ሰዓት አልትራቫዮሌትና ጤዛ፣ 72 ሰዓት ጨው፣ 24 ሰዓት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይሰጣል፤ 25 ዙር ሲሞላ 4,200 ሰዓት ነው። ናሙናው አስቀድሞ እስከ ብረቱ ድረስ ይጫራል፤ የሚለካው ዝገቱ ከጭረቱ ወደ ጎን ምን ያህል እንደ ገባ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ሽፋኑ ላይ ትንሽ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ፣ በተለምዶ 10 ሚሊቮልት፣ እየሰጡ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን መለካት ይቻላል። ቤከን፣ ስሚዝና ረግ በ1948 ቀጥታ ጅረት ተጠቅመው ባሳተሙት ጥናት ተቃውሟቸው በካሬ ሴንቲሜትር ከ100 ሚሊዮን ኦም የሚበልጡ ሽፋኖች ጥሩ፣ ከ1 ሚሊዮን የሚያንሱት ደካማ መሆናቸውን አገኙ፤ መለኪያው ዛሬም ያገለግላል። ጥቅሙ ዓይን እብጠት ከማየቱ ሳምንታት ቀድሞ ውሃ መግባቱን ማሳየቱ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ግን ሜዳ ነው፤ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ኩሬ ቢች ላይ ከ1935 ጀምሮ ናሙናዎች ከባሕሩ 25 እና 250 ሜትር ርቀት ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። ቅርብ ያለው ብረት ከሩቁ በብዙ እጥፍ ይበላል።

ከአዳዲስ ሽፋኖች መካከል በ1972 ለገበያ የቀረበውና 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ 1.6 በመቶ ሲልከን የያዘው ቅይጥ ጣራ ላይ ከተራው ዚንክ በብዙ ይበልጣል። አሉሚኒየሙ አልካላይን ስለማይችል ግን ከእርጥብ ኮንክሪትና ከኖራ ጋር መነካካት የለበትም፤ አሞኒያ ለሚበዛበት የከብትና የዶሮ ቤትም አይመከርም።

ዛሬ ቤተ ሙከራዎችን ይበልጥ የያዘው ክሮሜትን፣ ማለትም በመከላከያ ሽፋን ውስጥ የሚገባውን የክሮሚየም ውሁድ፣ መተካት ነው። ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ጭረት ሲፈጠር ከሽፋኑ እየሟሟ ወጥቶ የተጋለጠውን ብረት ራሱ ይጠግን ነበር፤ ካንሰር አምጪ በመሆኑ ግን የአውሮፓ ኅብረት የዚሁ ዓይነት የሆነውን ክሮሚየም ትራይኦክሳይድን ከመስከረም 2017 ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት አድርጓል። ሦስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም፣ የሴሪየም ጨዎች፣ ሲሰበሩ መድኃኒት የሚያፈስሱ ጥቃቅን እንክብሎችና ክሎራይድ ሲመጣ ተከላካዩን የሚለቁ የሸክላ መሰል ንብርብሮች ተተኪ ሆነው እየተፈተኑ ነው። የሚፈለገው ተተኪው በጊዜው መውጣቱ ነው፤ በፍጥነት የሚሟሟው ጭረት ሳይመጣ በዝናብ ታጥቦ ያልቃል፣ በዝግታ የሚሟሟው ደግሞ ጭረቱ ከዛገ በኋላ ይደርሳል።