777 ብለውትም እምቢ ያለ ፋይል

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲደርስ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚመጣልኝ ተማሪ ይበዛል። ብዙዎቹ ዊንዶውስ ላይ ሆነው በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን በሚያስኬደው) ወይም በሲግዊን የሊኑክስ መሣሪያ የሚጠቀሙ ናቸው። ላፕቶፑን ከፍተው የሚያሳዩኝ ያው «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) የሚል መስመር ነው። ይዘውት የሚመጡት ግምትም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ የፋይል ፈቃድ በሚቀይረው፣ ሲኤችሞድ በሚባለው ትእዛዝ ይተማመናሉ።

«ሲኤችሞድ 777 ካልኩት ያልቃል»

በቅርቡ አንድ ልጅ መጣ። የኤስኤስኤች ቁልፉን (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ማንነቱን የሚያሳይበትን ፋይል) ዳውንሎድስ ውስጥ አስቀምጧል፤ ኤስኤስኤች ግን ቁልፉን አልቀበልም ብሎታል። 777 አለው፣ እምቢ። ሱዶ (እንደ ዋና አስተዳዳሪ ማዘዣውን) ጨምሮ ደገመው፣ እምቢ። «ጋሼ፣ ሁሉንም ፈቅጄለት እንኳ አልሰማ አለኝ» አለኝ።

ጥፋቱ መፍቀዱ ነዋ! ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ሲደመር 7። ሦስት ሰባት ማለት ባለቤቱም፣ ቡድኑም፣ ሌላው ሰው ሁሉም እንዳሻው ያድርግ ማለት ነው። ኤስኤስኤች ደግሞ ማንም ሊያነበው የሚችለውን የግል ቁልፍ አይነካም። እሱ የሚወደው 600 ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ያንብብ፣ ባለቤቱ ብቻ ይጻፍ።

እሺ ብለን 600 አልነው። ትእዛዙ ዝም ብሎ አለፈ። ዝርዝሩን ስናየው አሁንም 777! ልጁ በጣም ሳቀ፣ እኔ ግን ይህን ፊልም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ፋይሉ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ነው፤ ደብሊውኤስኤል «ኤምኤንቲ» በሚባል ፎልደር ስር የሚያሳየው። እዚያ የሚታዩት የሊኑክስ ቁጥሮች፣ የደብሊውኤስኤልን ቅንብር ካልለወጣችሁ በቀር፣ ለታይታ ናቸው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ቁልፉን ወደ ሊኑክሱ የራሱ ሆም ፎልደር ቀድቶ እዚያ 600 ማለት ነው። እኛ ይህን አደረግን፣ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሁለተኛው «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ያለውን የደብሊውኤስኤል ኮንፍ ፋይል ከፍቶ፣ አውቶማውንት በሚለው ክፍል «ሜታዳታ» የሚለውን አማራጭ መጨመር ነው። ከዚያ ደብሊውኤስኤልን ሹትዳውን አድርጎ እንደገና መክፈት። ከዚህ በኋላ የምትሰጡት ቁጥር ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል።

«የዊንዶውስና የሊኑክስ ፈቃድ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ነው የሚለየው»

ፋሲል ግቢን ዞሮ ያየ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ግቢው 12 በር ነበረው። ዳኞቹ በወንበር በር፣ ሙዚቀኞቹ በእምቢልታ በር ይገቡ ነበር፤ ባልደራሱም የራሱ በር ነበረው። ዊንዶውስ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ ኤንቲኤፍኤስም፣ እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ሰውና ቡድን የተለየ መስመር ይጻፋል፦ እገሌ ይግባ፣ እገሌ አይግባ፣ እገሌ አይቶ ይመለስ። ተራው የዩኒክስ (የሊኑክስ ዓይነቱ) ፈቃድ ያለው ግን ሦስት በር ብቻ ነው። 12ቱን ወደ ሦስት ስታጥፉ የሆነ ሰው ውጭ ይቀራል፣ ወይም መግባት የሌለበት ይገባል።

ሲግዊን የሦስቱን በር ሕግ በዊንዶውስ ዝርዝር ለመጻፍ ይሞክራል። ለዚህ ነው አንዳንዴ የፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሴኩሪቲ የሚለውን ስትከፍቱ ዊንዶውስ የፈቃዶቹ ቅደም ተከተል ትክክል አይደለም ብሎ የሚያጉረመርመው። ፋይሉ አልተበላሸም። የዩኒክስ ፈቃድ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ኤፍስታብ በሚባለው የሲግዊን ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ኖኤሲኤል» ብላችሁ ጻፉለት፤ ነገሩን ለዊንዶውስ ይተወዋል።

«ሱዶ ካልኩ የማልከፍተው የለም»

ሊኑክሱ ውስጥ፣ እውነት ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ግን ደብሊውኤስኤል የሚገባው በከፈተው የዊንዶውስ ተጠቃሚ መብት ነው። እዚህ ሩት (ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ) ብትሆኑም ለዊንዶውስ ያው እናንተው ናችሁ። የአድሚን ፎልደር መንካት ግድ ከሆነ ተርሚናሉን ራሱን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ክፈቱት።

«ፐርሚሽን ዲናይድ ካለ ጉዳዩ የፐርሚሽን ነው»

ይሄኛው ነው ሰው የሚያደክመው። አንዲት ተማሪ የፓይተን ፕሮግራሟ ውጤቱን ፋይል ላይ አልጽፍ ብሏት ግማሽ ቀን ፈቃድ ስትቀያይር ዋለች። ፋይሉ ለካ ኤክሴል ላይ ክፍት ነው። መስኮቱን ዘጋሁት፣ ሠራ። ገንዘብ መቀበል አፍሬ ሸኘኋት። ሊኑክስ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘውን ፋይል እንኳ ያስሰርዛል፤ ዊንዶውስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተያዘ ፋይል አያስነካም።

ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን የጫኑ ደግሞ «ኡቡንቱ ዲ ድራይቬን ያሳየኛል፣ መጻፍ ግን ከለከለኝ» ይላሉ። ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ ካለ፣ «ሹት ዳውን» ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። ሊኑክሱ ይህን አይቶ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ሺፍትን ተጭናችሁ ሹት ዳውን በሉት፣ ወይም ፋስት ስታርትአፑን አጥፉት።

«ፍላሼ ተበላሽቷል፣ ሲኤችሞድ አይቀበልም»

አልተበላሸም። ፍላሽ ብዙ ጊዜ ፎርማት የሚደረግባቸው ፋት 32ም ሆነ ኤክስፋት የዩኒክስ ባለቤትና ፈቃድ መመዝገቢያ ቦታ የላቸውም፤ ሊኑክስ የሚያሳያችሁን ቁጥር ፍላሹን ሲከፍት ራሱ የሰጠው ነው። ፈቃዱ ሳይጠፋ ፋይል ማዞር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ታር በሚባለው ፕሮግራም ጠቅልሉት፣ ከዚያ ጥቅሉን ፍላሹ ላይ ቅዱት። ስትፈቱት ግን እዚያው ፍላሹ ላይ አትፍቱት፤ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ፍቱት።