ባጃጅ፣ ታክሲ፣ ጀልባ፦ የባሕር ዳር ሂሳብና ቅያሪ

ባሕር ዳር ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ለመሄድ ካርድም የወር ትኬትም አይጠየቅም። ዝርዝር ብር መያዝና መስመሩን ማወቅ ይበቃል። የከተማዋን ሰው በዋናነት የሚያመላልሱት ባጃጅና ሚኒባስ ታክሲ ናቸው። ንብረቱ የግለሰብ ነው። መስመር የሚደለድለውና ታሪፍ የሚያወጣው ግን መንግሥት ነው።

ለእንግዳ ቶሎ የማይገባው ነገር ቅያሪው ነው። እዚህ የሚከፈለው በተሳፈሩ ቁጥር ነው። ከአንዱ ወርዶ ሌላ የያዘ ሰው እንደ አዲስ ይከፍላል፤ የቅድሙ ሂሳብ አይታሰብለትም። ሁሉም ከተማ እንዲህ አይደለም። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አውቶቡስ ላይ የከፈለ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢይዝ በድጋሚ አይጠየቅም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በ2008 መስከረም ላይ ሲጀምር ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ባሕር ዳር ላይ ግን አጭር ሆኖ ሁለት ቅያሪ ያለው መንገድ፣ ረጅም ሆኖ ቀጥታ ከሚወስደው በሂሳብ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የከተማው ሰው አቅጣጫ ሲያሳይ ስለ ርቀቱ ብዙም አያወራም። “ጊዮርጊስ ውረድና እዚያ ያዝ” ነው የሚለው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሕመምተኛ መንገድ ነው። ከሐሙሲት የተነሳ ሰው በጎንደር መንገድ መጥቶ፣ ዘንዘልማን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ከተማ ይገባል። የሚፈልገው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ከሆነ ገና ነው። ሆስፒታሉ በሌላኛው ጫፍ፣ በአዴት መውጫ በኩል ነው። ስለዚህ ለመጣበት ይከፍላል፣ ከተማ ውስጥ ይከፍላል፣ ከዚያም ለመጨረሻው መስመር ይከፍላል። አስታማሚ ካለ እጥፍ ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ደግሞ በሐይቁ በኩል ስለሆነ፣ “ሆስፒታል” ብቻ ብሎ ባጃጅ መግባት አያዋጣም። ሪፈሩ ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ መሳፈር ነው።

በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነገሩን ትንሽ አቅልሎታል። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። ከፔዳ በኩል ተነስቶ ዓባይ ማዶ የሚሄድ ጉልበት ያለው ሰው፣ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ አንድ ሂሳብ መቆጠብ ይችላል። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌትም እንደ ቁም ነገር ትራንስፖርት ይቆጠራል። ብስክሌት ያለው ተማሪ ታሪፍ ጨመረ ሲባል ብዙም አይደነግጥም።

ባጃጅ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ በታክሲና በኮንትራት። በታክሲ ሲሆን ከኋላ ሦስት ሰው ጭኖ በመስመሩ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይከፍላል። በኮንትራት ሲሆን ባጃጁ በሙሉ የአንድ ሰው ነው፤ ዋጋውም በድርድር። ባዶ ባጃጅ አስቁሞ ዝም ብሎ የገባ እንግዳ ብዙ ጊዜ የኮንትራት ይጠየቃል። ስለዚህ እግር ከማስገባት በፊት “በታክሲ ነው?” ማለት ነው፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ከሹፌሩ ጎን አራተኛ ሰው ሲለጠፍም ይታያል። ይህ ትርፍ ነው፤ ያስቀጣል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ከታየ “እዚህ ጋ ውረድልኝ” መባሉ አይቀርም።

ሚኒባሱ ላይ ሂሳብ የሚሰበስበው ረዳቱ ነው። መኪናው ከተነሳ በኋላ “ሂሳብ!” ይላል፤ ከኋላ ያሉት በፊተኞቹ እጅ ያቀብላሉ። ጓደኛሞች ከተገናኙ የማን ይከፈል የሚለው ጭቅጭቅ ይነሳል። “በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!” የሚለው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ዋናው ራስ ምታት መልስ ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ምልልስ፣ በመስከረም 2013 የወጣውን ባለ 200 ብር ኖት የሚዘረጋ ሰው በረዳት አይወደድም። ዝርዝር ሲጠፋ ረዳቱ ለማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ድፍን ብር ይሰጥና “ለሁለት ተካፈሉ” ይላል። ከዚያ ሁለቱ ወርደው ሱቅ ይገባሉ፤ አንዱ ማስቲካ ይገዛል፣ ብሩ ይዘረዘራል፣ ይለያያሉ። የዝርዝር ችግር ተሳፋሪው ላይ የሚወድቅበት አሠራር ትክክል አይመስለኝም። ግን ሁሉም ለምዶታል።

ታሪፍ የሚናጋው በአብዛኛው በነዳጅ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ የሕዝብ ትራንስፖርት በታለመለት ድጎማ እንዲቀጥል ተደረገ። በ2015 ደግሞ ነዳጅ በቴሌብርና በመሰል የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ። እናም ሹፌሩ ነዳጁን በስልኩ ይገዛል፤ ከተሳፋሪው ግን የላላ አሥር ብር ይሰበስባል። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ ባጃጁ በሀይላንድ ከሚሸጠው የጥቁር ገበያ ቤንዚን ይቀዳል። ያን ቀን የተለጠፈውን ታሪፍ ማንም አያነበውም። ሲመሽም እንዲሁ ነው፤ ባጃጅ ሲያንስ ታክሲ የነበረው ሁሉ ኮንትራት ይሆናል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሰዓት እላፊ ሲጣል፣ የማታው ጉዞ ጭራሽ ቀርቶ ነበር።

ከከተማ ውጭ የሚሄድ መናኸሪያ ይገባል። እዚህ ስሌቱ ሌላ ነው። ታሪፉ በኪሎ ሜትር ይሠራል፤ የአውቶቡሱ ደረጃና መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር መሆኑ ይለያየዋል። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጢስ ዓባይ 30 ገደማ። ሻንጣ ጣሪያ ላይ ከወጣ ለብቻ ይከፈላል፤ ለተሸካሚውም እንዲሁ። ሁለቱንም ከመጫኑ በፊት መነጋገር ይሻላል።

ሐይቁም መንገድ ነው። ወደ ጎርጎራ በሳምንት አንዴ ይሄድ የነበረው መርከብ ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ ይደርስ ነበር። ወደየገዳማቱ የሚወስዱት የሞተር ጀልባዎች ግን እንደ ኮንትራት ባጃጅ ናቸው። ዋጋው የጀልባው ነው፤ አንድ ሰውም ይሳፈር አሥር፣ ሂሳቡ ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ቡድን ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ሲነጋገሩ መሄጃውን፣ መጠበቂያውንና መመለሻውን አንድ ላይ መዋዋል ነው፤ ጀልባው ደሴት ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ካልተነገረ ዋጋው እዚያ ሊነሳ ይችላል። የገዳሙ መግቢያ በጀልባው ሂሳብ ውስጥ የለም፤ በየደረሱበት ለብቻ ይከፈላል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡበት፣ ቤተሰብ ሆኖ የሚሄድ ሰው ያን ከመስመሩ ቢያወጣው ይሻላል። ዘጌን ብቻ ማየት ለሚፈልግ በየብስም መንገድ አለው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት እዚያው ልሳነ ምድሩ ላይ ስለሆነች ጀልባ ግድ አይደለም።