ፔንግዊኑ ውድድር አላሸነፈም፦ ስለ ኦፕን ሶርስ ማስኮቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ዋና ማስኬጃ ፕሮግራም (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሲጠራ ለብዙ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው አንድ ወፍራም ፔንግዊን ነው። ቢጫ መንቆር፣ ቢጫ እግር፣ ነጭ ሆድ። ስሙ ታክስ ይባላል። እንደ እሱ ኦፕን ሶርስ የሆኑ፣ ማለትም ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ፣ ሌሎች ሲስተሞችም አሉ፤ ፍሪቢኤስዲ ቀይ ባለቀንድ ፍጡር አለው፣ ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ ፓፊ የሚባል ዓሣ። እነዚህ ማስኮቶች (የፕሮጀክት መለያ የሆኑ ገጸ ባሕርያት) እንዴት እንደተመረጡ ሲወራ ግን ከልክ ያለፈ ስህተት ይሰማል። ነገሩ ለእኔ ቀላል አይደለም። አንድ ፕሮጀክት ማስኮቱን የመረጠበት መንገድ ማን እንደሚወስን፣ ማን እንደሚሠራና ማንን እንደሚያከብር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የራሳቸውን ፕሮጀክት የሚጀምሩ ልጆችም በተሳሳተው ወሬ ተመርተው ሲደክሙ ማየት ያሳዝነኛል።

«ፔንግዊን የተመረጠው የፊንላንድ እንስሳ ስለሆነ ነው»

ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንዳዊ ነው። ሊኑክስን የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ፊንላንድ ብርዳም አገር ናት፣ ፔንግዊንም የብርድ ወፍ ነው፤ ስለዚህ ይገናኛሉ ብሎ ማሰብ ይቀላል። እውነቱ ግን ፊንላንድ ውስጥ በዱር የሚኖር ፔንግዊን የለም። ፔንግዊኖች በተፈጥሮ የሚኖሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም በደቡባዊው የምድር ክፍል ነው። ብርድ የሚባል ነገር የማያውቁም አሉ፤ ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ የሚኖሩት ከምድር ወገብ አጠገብ ናቸው።

ታሪኩ የሚወስደን ወደ አውስትራሊያ ነው። ሊነስ በ1993 ካንቤራ ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንድ ትንሽ ፔንግዊን ነክሶታል። ዝርያው ከፔንግዊኖች ሁሉ ትንሹ ነው። ቁመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ክብደቱም አንድ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ሊነስ ይህን ነገር እያጋነነ ማውራት ይወዳል። ንክሻው «ፔንግዊናይቲስ» የሚባል በሽታ አስይዞኛል፣ ሌሊት ስለ ፔንግዊን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ እያለ ሲቀልድ ኖሯል። ጨዋታውን ትተን ፍሬ ነገሩን ስናይ፣ ሰውዬው ፔንግዊን ይወድ ነበር። አለቀ። የገበያ ጥናት የለም፣ አማካሪ ድርጅት የለም።

«ታክስ በውድድር ያሸነፈ የሊኑክስ ኦፊሴላዊ ሎጎ ነው»

ይሄኛው በጣም የተስፋፋ ነው። በእርግጥ ውድድር ነበር፤ ለሊኑክስ ሎጎ ለመምረጥ ሦስት ውድድሮች ተካሂደዋል። ታክስ አንዱንም አላሸነፈም። ዛሬም ሎጎ ሳይሆን ማስኮት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ያሸነፉትን ስዕሎች የሚያስታውስ ሰው ግን ስንት አለ?

የሆነው እንዲህ ነው። በ1996 የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) ገንቢዎች ሊኑክስ መለያ ያስፈልገዋል ብለው መነጋገር ጀመሩ። አላን ኮክስ መነሻ ሐሳብ አቀረበ፣ ሊነስ ምን ዓይነት ፔንግዊን እንደሚፈልግ በዝርዝር ተናገረ፣ ላሪ ዩዊንግ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሣለው። የሣለበት ጊምፕ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ያውም በ0.54 እትሙ። ዛሬ ፎቶ የሚያቀናብር ሰው ሁሉ ያለ ሌየር፣ ማለትም ስዕሉን በንብርብር ሳይለይ፣ መሥራት አይታየውም። ያኔ ጊምፕ ሌየር አልነበረውም። ጥላውን፣ የሆዱን ድምቀት፣ የመንቆሩን ነጸብራቅ በአንድ ገጽ ላይ እያደባለቀ ነው ያወጣው። ማስኮት ለማሠራት ውድ ሶፍትዌር የግድ ነው ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ስሙን ያወጣለት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጄምስ ሂዩዝ ከ«ቶርቫልድስ» እና ሊኑክስ አርአያ ካደረገው ሲስተም ስም ከ«ዩኒክስ» ፊደላት ቆርጦ ታክስ አለው። በእንግሊዝኛ «ታክስ» የክብር ጥቁር ሱፍም ማለት ነው፤ ፔንግዊን ጥቁር ሱፍና ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ስለሚመስል ስሙ ሁለት ጊዜ ገጠመለት። ልብ በሉ፤ አንዱ ሐሳብ ሰጠ፣ አንዱ ወደደ፣ አንዱ ሣለ፣ አንዱ ሰየመ። ሊኑክስ ራሱ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

«ማስኮት ጉልበት ማሳየት አለበት»

ያኔም ይህንን ያሉ ነበሩ። ከቀረቡት ሐሳቦች መካከል ሻርክና ንስር ይገኙበታል። የተፎካካሪ ሲስተሞችን ምልክት የሚያሾፉም ነበሩ። እኛ አገር ቢሆን አንበሳ የሚል አይጠፋም ነበር። ሊነስ የፈለገው ግን ተቃራኒውን ነው። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ እስኪበቃው በልቶ፣ ጠግቦ፣ ደስ ብሎት ዘርፈጥ ያለ ፔንግዊን። የሚታቀፍ፣ የሚወደድ። ዓለምን በትከሻው የተሸከመ ጡንቸኛ ፔንግዊን አይሁን ብሎም ተናግሯል።

የዚህ ምርጫ ብልህነት የገባኝ ስዕሉን ደጋግሜ ካየሁት በኋላ ነው። ታክስ ማንንም አያስፈራራም፣ ከማንም ጋር አይፎካከርም። በ1990ዎቹ ሊኑክስን መጫን ለጀማሪ ከባድ ፈተና ነበር። ጥቁር ስክሪንና ነጭ ጽሑፍ ፊት ለተቀመጠ ተማሪ ይህ ወፍ «አይዞህ» የሚል ይመስላል። ንስር ይህን አያደርግም። ታክስ እንዲሁ ማስታወቂያ ላይ ተለጥፎ የቀረም አይደለም፤ ከርነሉ ውስጥ ገብቷል። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ሲነሳ በስክሪኑ ላይኛ ግራ ጥግ በኩል ታክሶች ይደረደራሉ፣ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር አንድ አንድ። አራት ኮር ካለህ አራት ፔንግዊን ታያለህ።

ጉልበት ሳያሳዩ ቁም ነገር ማሳየት እንደሚቻል የኦፕንቢኤስዲው ፓፊም ምስክር ነው። ኦፕንቢኤስዲ ከምንም በላይ የሚታወቀው በደህንነት ጥብቅነቱ ነው። ማስኮቱ የፈለቀው ብሎውፊሽ ከሚባለው የምስጠራ ስልት ስም ሲሆን፣ ዓሣው ደግሞ አደጋ ሲመጣበት ተነፍቶ ራሱን የሚከላከል ነው። አያጠቃም፣ ግን አይዋጥም።

«የሱሴ ሊኑክሱ አረንጓዴ እንስሳ ጌኮ ነው»

ሱሴ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ እንስሳው ግን ጌኮ የሚባለው እንሽላሊት አይደለም፣ እስስት ነው። ስሙ ጊኮ ስለሆነ ነው ሰው የሚሳሳተው። የተጠቀለለውን ጅራቱን ማየት ይበቃል።

«የፍሪቢኤስዲ ማስኮት የሰይጣን ምልክት ነው»

ይህን በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቀይ ቆዳ፣ ቀንድ፣ ጅራትና መንሽ የያዘ ስዕል ኮምፒውተሩ ላይ ያየ አማኝ ሰው ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ነገር ግን ምንጩ ሌላ ነው። በዩኒክስ ዓለም «ዲመን» (ቃሉ በእንግሊዝኛ ከ«ጋኔን» ጋር ይመሳሰላል) የሚባለው ከጀርባ ሆኖ ማንም ሳያየው የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ኢሜይል የሚቀበለው፣ ፕሪንተሩን የሚያስተናግደው፣ ሰዓቱ ሲደርስ የታዘዘውን የሚፈጽመው እሱ ነው። ስያሜው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራመሮች የወጣ ሲሆን፣ እነሱም የወሰዱት ከፊዚክስ ነው። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ባቀረበው የሐሳብ ሙከራ ውስጥ ሳይታክት ሞለኪውሎችን የሚለይ፣ ዲመን የሚባል ምናባዊ ፍጡር አለ። የዩኒክስ ሰዎች ያንን ትጉህ ሠራተኛ ነው ያሰቡት።

የመጀመሪያዎቹን ስዕሎች ሠዓሊው ፊል ፎሊዮ በ1976 ሣለ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን መልክ የሰጠው ግን የአኒሜሽን ባለሙያው ጆን ላሴተር ነው፤ የመጀመሪያ ስዕሉ በ1984 የበርክሊ ዩኒክስ (ቢኤስዲ) መመሪያ ሽፋን ላይ ወጣ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፊቱ የልጅ ፊት ነው፣ እግሩ ላይ ስኒከር አድርጓል። መንሹም ቢሆን ትርጉም አለው፤ በዩኒክስ አንድ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም የሚወልድበት ጥሪ «ፎርክ» (በእንግሊዝኛ መንሽም ማለት ነው) ስለሚባል ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም «ታሪኩን ስለማታውቁ ነው» ብሎ ሰውን ማሳፈር ትክክል አይመስለኝም። ማስኮት ያለ ማብራሪያ የሚታይ ነገር ነው። ፕሮጀክቶቹ ራሳቸው ይህን አስበውበታል። ሌላው የቢኤስዲ ዝርያ ኔትቢኤስዲ የድሮ ምልክቱ ባንዲራ የሚተክሉ ብዙ ዲመኖች የተደራረቡበት ውስብስብ ስዕል ነበር፤ በ2004 ባንዲራዋን ብቻ ወደያዘ ቀላል ሎጎ ዞረ። ፍሪቢኤስዲ ደግሞ በ2005 የሎጎ ውድድር አዘጋጅቶ ሁለት ቀንድ ያላትን ቀይ ኳስ መረጠ። የድሮውን ዲመን ግን አላባረረውም፣ ማስኮት ሆኖ ቀጥሏል። መሥሪያ ቤት ለሚወስዱት ደብዳቤ ሎጎው አለ፣ ለወዳጆቹ ስኒከር ያደረገው ልጅ አለ። ጥሩ መፍትሔ ነው።

«አንዴ የተመረጠ ማስኮት አይነካም»

በ2009 የወጣው ሊኑክስ 2.6.29 ሲነሳ ታክስ አልነበረም። በቦታው ተዝ የሚባል የታዝማኒያ ዴቪል ነበር፣ የፔንግዊን መንቆር በፊቱ ላይ አስሮ። በዚያ ዓመት ዋናው የአውስትራሊያ የሊኑክስ ጉባኤ የተካሄደው በታዝማኒያዋ ሆባርት ከተማ ነው። የታዝማኒያ ዴቪሎች ፊታቸው ላይ በሚወጣ ተላላፊ ዕጢ እያለቁ ስለነበር፣ ገንቢዎቹ ትኩረት ለመሳብ ለአንድ እትም ቦታውን ሰጧቸው። በሚቀጥለው እትም ታክስ ተመለሰ። ማንም አልተቀየመም።

«ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ስዕሉም ባለቤት የለውም»

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። የኮዱ ፈቃድ ሌላ፣ የስዕሉ ሌላ፣ የስሙ ደግሞ ሌላ ነው። ታክስን ማንም ሊጠቀምበትና ሊቀይረው ይችላል፤ ላሪ ዩዊንግ የጠየቀው «ሰው ከጠየቃችሁ እኔንና ጊምፕን ጥቀሱ» የሚል ብቻ ነው። ታክስ በየቲሸርቱ፣ በየተለጣፊውና በየጌሙ የተሰራጨው በዚህ ቸርነት ነው። የቢኤስዲ ዲመን ግን እንዲህ አይደለም። የቅጂ መብቱ የቢኤስዲ ገንቢው የማርሻል ከርክ ማኩዚክ ነው። በጨዋ ደንብ ለግል መጠቀም ይፈቀዳል፣ ለንግድ ከሆነ ግን እሱን መጠየቅ ይገባል። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ ሁለት ዓይነት ሎጎ አዘጋጅቶ አንዱን ለሁሉም ከፍቶ፣ ሌላውን ለራሱ ጉዳይ የከለለበት ጊዜ አለ።

ስምም ቢሆን ዝም ብሎ አይተውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው «ሊኑክስ» የሚለውን ስም የራሱ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። ከዚያ ሊኑክስ የሚሸጡ ድርጅቶችን ክፈሉኝ አለ። ክርክሩ በ1997 በስምምነት አልቆ ምልክቱ ወደ ቶርቫልድስ ተዛወረ።

እናንተም ለፕሮጀክታችሁ ማስኮት የሚሥል ጓደኛ ካገኛችሁ፣ ስዕሉን ከኮዱ ጋር ከማስገባታችሁ በፊት አጠገቡ አንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። ማን ሣለው፣ መቀየር ይፈቀዳል ወይ፣ መሸጥ ይፈቀዳል ወይ፣ የሠዓሊው ስም የት ይጠቀስ። ይህን ሠዓሊውን ራሱን ጠይቃችሁ በእሱ ፈቃድ ጻፉት።