ባክቴሪያ የሚገድለው ቫይረስ ሰውንስ አይጎዳም?

የእናቱ ቁስል በመድኃኒት አልድን ያለው የደብረ ብርሃን ልጅ ባክቴሪያ ስለሚገድለው ቫይረስ፣ ስለ ባክቴሪዮፋጅ (ባጭሩ ፋጅ) ሰምቶ ጠየቀኝ፦ «ቫይረስ ነው አሉ፤ እሷንስ አይይዛትም?»

አይይዛትም። ፋጅ የሚራባው ባክቴሪያ ውስጥ ብቻ ነው። አንጀታችን ውስጥ እንኳ ሞልቷል።

ስጋቱ ሌላ ነው። አንዳንዱ ፋጅ ባክቴሪያውን ሳይገድል ዘረመሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። የኮሌራ መርዝ ዘረመል የመጣው ከእንዲህ ያለ ፋጅ ነው! ስለዚህ ለሕክምና የሚመረጠው ገዳዩ ዓይነት ነው። ባክቴሪያው ሲፈነዳ የሚለቀው መርዝም ትኩሳት ያስነሳል፤ በተለይ በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ ፋጁ ከዚህ መርዝ በደንብ መጣራት አለበት።

በደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝም ፋጅ አይጠፋም። ግን አደራ፣ ቁስል በወንዝ ውኃ አይታጠብም፤ ከፋጁ ጋር ስንት ጀርም አለ። ይልቅ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያው ይለይ። አንዱን የሚገድል ፋጅ ሌላውን አይነካውም።