«412 ንክኪ አገኘሁ»፦ ስለ ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች መነካካት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ክረምት የመመረቂያ ጥናቷን የምታዘጋጅ አንዲት ተማሪ እዚህ ጅማ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ላፕቶፗን ከፈተችና «መምህር፣ 412 ንክኪ አገኘሁ» አለችኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከየትኛው አቶም እስከ የትኛው አቶም ለክተሽ?» አልኳት። ስኒዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና «ፕሮግራሙ ነው ያወጣው» ብላ መለሰች። ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አይደለም። እኛ አስተማሪዎችም ውጤት ስንጠይቅ እንጂ አለካኩን ስናስረዳ ብዙም አንታይም። በዚያ በረንዳ የተነሱትንና ከዚያ ወዲህ ከሌሎችም የሰማኋቸውን ስሕተቶች እነሆ።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ በአጭሩ፦ ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተሰካ ረጅም ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከዋናው ሰንሰለት ወደ ጎን የሚወጣ የራሱ ቅርንጫፍ አለው፤ እርሱም የጎን ሰንሰለት ይባላል። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ጋር እንደተቀራረበ ለይቶ መመዝገብ የንክኪ ትንተና ነው። መለኪያው አንግስትሮም ሲሆን፣ አንዱ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ያህላል።

«የሚነካኩት በሰንሰለቱ ላይ ጎረቤት የሆኑት ናቸው»

ሙስባሃ የያዘ ሰው የዚህ አባባል ማፍረሻ ኪሱ ውስጥ አለለት። ሲቆጥሩበት 1ኛው ፍሬ ከ30ኛው ሩቅ ነው። ጠቅልለው ኪስ ሲከቱት ግን ሁለቱ ተደጋግፈው ሊገኙ ይችላሉ። ከቆሽት የሚመነጨውና የምንበላውን ፕሮቲን ለመፍጨት የሚረዳን ካይሞትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ዋና ሥራውን የሚሠራው በሦስት አሚኖ አሲዶች ነው፦ ሂስቲዲን 57፣ አስፓርቲክ አሲድ 102 እና ሴሪን 195 (ቁጥሩ በሰንሰለቱ ላይ ያላቸው ተራ ነው)። በቁጥራቸው ሲታዩ አገር ለአገር ናቸው፤ በታጠፈው ቅርጽ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ቆመዋል። እንዲያውም ብዙ ተንታኞች በሰንሰለቱ ላይ የቅርብ ጎረቤት የሆኑትን ከቆጠራው ያስወጧቸዋል። በአንድ ክር ታስረው እያለ መቀራረባቸው ምን ዜና ይሆናል?

«8 አንግስትሮም ሕግ ነው»

የተማሪዬ 412 የመጣው ከዚህ፣ ማለትም በ8 አንግስትሮም ውስጥ ያሉትን ሁሉ ተነካኩ ብሎ ከመቁጠር ነው። 8 አንግስትሮም ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ድንበር አይደለም። ቁጥሩ የታወቀው በተለይ ካስፕ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሚካሄደው የፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ ውድድር ሲሆን፣ እዚያም የሚለካው ከቤታ ካርቦን እስከ ቤታ ካርቦን ነው። ቤታ ካርቦን የጎን ሰንሰለቱ የመጀመሪያ አቶም ነው። ልብ በሉ፤ ሁለት የካርቦን አቶሞች በእውነት ተነካኩ የሚባለው በመካከላቸው 4 አንግስትሮም ገደማ ሲቀር ነው። በ8 አንግስትሮም ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ቤታ ካርቦኖች ራሳቸው አይነካኩም። ከእነርሱ ወዲያ ያሉት የቅርንጫፎቹ ጫፎች ሳይነካኩ አይቀሩም ብለን ነው የምንቆጥራቸው። ግምት ነው፤ ጥሩ ግምት፣ ግን ግምት።

ግምቱ የሚስትባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ቤታ ካርቦን ስለሌለው ብዙውን ጊዜ በዋናው ሰንሰለት ላይ ባለው አልፋ ካርቦን ይለካል። ሁሉንም በአልፋ ካርቦን የሚለካ ሰው ደግሞ ጀርባ ለጀርባ የቆሙትን ሁለት አሚኖ አሲዶች ተነካኩ ብሎ ይመዘግባል። እንደ አርጂኒንና ትሪፕቶፋን ያሉ ረጃጅም ክንድ ያላቸው በበኩላቸው አልፋ ካርቦኖቻቸው ከ10 አንግስትሮም በላይ ተራርቀው ሳለ በጫፋቸው ሊጨባበጡ ይችላሉ። ስለዚህ እኔ ለዝርዝር ሥራ የምመርጠው ከሃይድሮጅን በስተቀር ያሉትን አቶሞች ሁሉ አይቶ፣ ከመካከላቸው እጅግ የቀረቡት ሁለቱ በ4.5 ወይም በ5 አንግስትሮም ውስጥ ከሆኑ ንክኪ ብሎ መመዝገብን ነው። በዚህ መንገድ ስንለካው የተማሪዬ 412 ተለወጠ። ደነገጠች። መደንገጧን ወደድኩት።

«ቀረቡ ማለት ተሳሰሩ ማለት ነው»

በሂርማታ መርካቶ በገበያ ቀን ትከሻቸው የሚጋጭ ሰዎች ሁሉ ዕቃ አይሻሻጡም። ርቀት ብቻውን ስለ መሳሳብ አይናገርም፤ ሁለት ተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶችም በ8 አንግስትሮም ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ለሃይድሮጅን ትስስር በሁለቱ አቶሞች መካከል 3.5 አንግስትሮም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ርቀትና ተስማሚ ማዕዘን ያስፈልጋል። ለተቃራኒ ሙሎች ትስስር የተለመደው ወሰን 4 አንግስትሮም ሲሆን፣ እርሱም በፕሮቲኑ ገጽ ላይ ውሃ ስለሚሻማው እንደሚታሰበው ጠንካራ አይሆንም። እውነተኛ ቋጠሮ የሚባለው ሲስቲን በተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ሰልፈር መካከል የሚፈጠረው፣ 2 አንግስትሮም ያህል የሆነው ነው።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው»

ይህን የሰማሁት ከላቦራቶሪ ውጭ ነው፤ ወባ በሚያሠቃየው በጊልጌል ጊቤ በኩል ያደገ ማንኛውም ሰው ሰምቶታል። ፋንሲዳር እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት ነበር። ከዚያ በኳርተም ተተካ። ብዙ ሰው ፋንሲዳር ያቃተው «ሰውነት ስለለመደው» ይመስለዋል። የሰውነታችን ነገር አይደለም። የተለወጠው ጥገኛ ተውሳኩ ነው፣ ለውጡም የንክኪ ጉዳይ ነው።

በፋንሲዳር ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ፓይሪሜታሚን ነው። ተውሳኩ ዲኤንኤ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዳይሃይድሮፎሌት ሬዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ ፓይሪሜታሚን ከዚህ ኢንዛይም ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሸጎራል። በጎድጓዳው ግድግዳ ላይ፣ በ108ኛው ቦታ፣ ሴሪን የተባለ ትንሽ አሚኖ አሲድ አለ። መድኃኒቱን በተቋቋሙት ተውሳኮች በዚያ ቦታ የተገኘው ከእርሱ የሚተልቀው አስፓራጂን ነው። የአስፓራጂን ክንድ ክሎሪን ካለበት የመድኃኒቱ ጫፍ ጋር ይጋጫል፤ መድኃኒቱም ተመቻችቶ መቀመጥ ይሳነዋል። በ51፣ በ59 እና በ164 የሚደረቡ ለውጦች ደግሞ መቋቋሙን ያብሱታል። ከብዙ መቶ አሚኖ አሲዶች አንዷ ስትለወጥ ይህን ያህል መዘዝ! ተመራማሪዎች ግጭቱን ዞሮ የሚያልፍ ተጣጣፊ ጅራት ያላቸውን ሞለኪውሎች እስከ መሞከር የደረሱት ይህን ንክኪ አይተው ነው።

«የቅርጽ ፋይሉ ፎቶግራፍ ነው»

የቅርጽ ፋይል የምንለው የአንድ ፕሮቲን አቶሞች የት የት እንዳሉ የተመዘገበበትን ነው። የእነዚህ ፋይሎች ማከማቻ የሆነው የፕሮቲን ዳታ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲመሠረት 7 ቅርጾች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ አሉት። ፋይሎቹ ግን ከመረጃ የተቀረጹ ሞዴሎች ናቸው። በኤክስሬይ ከተገኙት በአብዛኞቹ ሃይድሮጅን አይታይም፤ ብዙ የሚወዛወዙ ክፍሎች ጭራሽ ይጎድላሉ። ሞለኪውሎቹ በክሪስታል ውስጥ ስለታጨቁ ብቻ የተፈጠረ ንክኪም አለ፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ግን ላይኖር ይችላል።

የባሰው ስሕተት አንዱን ሞለኪውል ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። ቀይ የደም ሕዋስን ማጭድ በሚያስመስለው ሕመም፣ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ይተካል። ሄሞግሎቢኑን ለብቻው ያየ ሰው ጉዳቱ የት እንዳለ አያገኘውም። ውሃ የሚጠላው ቫሊን፣ ኦክስጅን ሲለቀቅ፣ በጎረቤት ሄሞግሎቢን ላይ ፌኒልአላኒን 85 እና ሉሲን 88 ወደሠሩት ጉድጓድ ይገባል። ሕመሙን የሚያመጣው ሞለኪውሎቹ እንዲህ እየተያያዙ ረጅም ዘንግ መሥራታቸው ነው።

«እንቁላል ሲቀቀል አሚኖ አሲዶቹ ይበጣጠሳሉ»

አይበጣጠሱም። ሰንሰለቱ እንዳለ ነው፤ የፈረሱት ንክኪዎቹ ናቸው። ተሸሽገው የነበሩት ውሃ ጠል ክፍሎች ወጥተው ከሌላው ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዙ ነጩ ይረጋል። ለዶሮ ወጥ የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝም ወደ ጥሬነቱ የማይመለሰው ለዚህ ነው።

«አልፋፎልድ ከመጣ ወዲህ ትንተናው አብቅቷል»

የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የሚተነብየው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አልፋፎልድ 2 እ.ኤ.አ. በ2020 ባስመዘገበው ውጤት ሠሪዎቹን በ2024 ለኬሚስትሪ ኖቤል አብቅቷል፤ ክብሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን ትንበያው የእርግጠኝነት ነጥቦች አብረውት ይመጣሉ፤ እነርሱን ሳያዩ ንክኪ መቁጠር ያልተጨረሰ ቤት ውስጥ ዕቃ መደርደር ነው። በፕሮቲኑ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው አቀማመጥ ሲያጠራጥር ደግሞ በመካከላቸው የተቆጠረው ንክኪ ሁሉ አጠራጣሪ ነው።

«ለዚህ ሱፐር ኮምፒውተር ያስፈልጋል»

300 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን 44,850 ጥንዶች አሉት፤ ብዙ ይመስላል። የተማሪዬ አሮጌ ላፕቶፕ መብራት ጠፍቶ በባትሪ እየሠራ፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይቀዳ ለክቶ ጨርሷቸዋል።