ትከሻና ቡጢ፦ በተሳሳተ ምክር የሚጎዱ ልጆች

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ቦክስ የሚሠራ የ17 ዓመት ልጅ ቀኝ ትከሻውን ደግፎ መጣ። ሹራቡን ለማውለቅ እንኳ ክንዱን ከጆሮው በላይ ማንሳት አቃተው። «ምን ስትሠራ ነው?» አልኩት።

«ትከሻዬን ሳጠነክር ነው ጋሼ» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የሰማውን ምክር ሁሉ በቅንነት የሚሠራ ልጅ ነው። የጎዳውም ምክሩ ነው። ጎጃም ውስጥ ቦክስ ከሚሞክሩ ልጆች ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች እዚህ ላንሳቸው።

«ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ቡጢው ከባድ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው እውነቱን ያውቀዋል። ጅራፉ የሚጮኸው ጫፉ ላይ ነው፤ ጉልበቱ የሚነሳው ግን ከታች ነው። እግር ይተከላል፣ ወገብ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ይለቀቃል። በክንዱ ብቻ የሚታገል ሕፃን ጅራፉ እግሩ ላይ ይጠመጠምበታል።

ቡጢም እንደዚያው ነው። የኋላ እግር መሬቱን ይገፋል፤ ዳሌና ደረት ይዞራሉ፤ ትከሻ ከታች የመጣውን ተቀብሎ ለክንድ ያቀብላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የሶቪየት ኅብረት ጥናት ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ከፍተኛ ደረጃ የደረሱት ቦክሰኞች በቀጥታ ቡጢያቸው ውስጥ የእግራቸው ድርሻ 38 በመቶ ገደማ፣ የክንዳቸው ድርሻ ደግሞ 24 በመቶ ገደማ ነበር። ጀማሪዎቹ ጋ ነገሩ ተገልብጧል፦ ክንድ 38፣ እግር 17 በመቶ ገደማ። ጀማሪ በክንዱ ይመታል፤ የበሰለው በመላ አካሉ።

«የገበሬ ልጅ ጉልበት አለው፤ ስልጠና አያስፈልገውም»

ጉልበቱስ አለው። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ያደገ፣ ግንድ ሲፈልጥ የዋለ ልጅ ጀርባና መዳፉ ከከተማው ልጅ ይለያል። ግን ብዙ ክብደት መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ያንን ጉልበት በቅጽበት መልቀቅ ሌላ። ቡጢ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ አይሰጥም። ጉልበቱ ላይ ፍጥነት ካልተጨመረበት ቡጢው መግፋት ሆኖ ይቀራል።

«ዳምቤል ይዞ ቡጢ መወርወር እጅ ያፈጥናል»

ያን ልጅ ያሳመመው ይሄ ነው። በሁለት እጁ ሦስት ሦስት ኪሎ ጨብጦ በየማታው አየር ይመታ ነበር።

እስቲ አስቡት። የዳምቤሉ ክብደት የሚጎትተው ወደ መሬት ነው። ቡጢ የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ስለዚህ የሚደክመው ክንድን ወደ ላይ ደግፎ የያዘው ጡንቻ ነው እንጂ ቡጢውን የሚገፋው አይደለም። ክንድ በፍጥነት ተዘርግቶ ሲያልቅ ደግሞ ያንን ክብደት የሚያቆመው ማን ነው? ትከሻ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። የክንድ አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን ጥልቀት የለውም። የስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን በሉት። እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የሚይዙት አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱን በየማታው እንዲህ መጎተት ደግ አይደለም።

ፍጥነትና ኃይል ለሚፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ኳስ ከደረት ላይ ወደ ግድግዳ መወርወር ይሻላል። ኳሱ ከእጅ ይለቃል፤ ክንድን ጎትቶ የሚያስቆም ክብደት አይቀርም። አሮጌ ኳስ ውስጥ ያን ያህል ኪሎ አሸዋ ከትቶ መስፋት ይቻላል። ስምንት ጊዜ በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ በቂ እረፍት። ውርወራው ሲዘገይ በቃ፣ ያቁሙ።

«ፑሽ አፕ ብቻውን ይበቃል»

ፑሽ አፕ ጥሩ ነው፤ አልነካውም። ግን የሚያጠነክረው በአብዛኛው የደረትንና የትከሻን የፊት ጡንቻ ነው። ወደ ፊት የተወረወረን ክንድ የሚያቆመውና ወደ ጋርድ፣ ማለትም እጅ ፊትን ወደሚከልልበት አቋም፣ የሚመልሰው የኋላው ጡንቻ ነው። የኋላው ከደከመ ትከሻ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ህመምም ይከተላል።

መሣሪያው ርካሽ ነው። ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቁመት ቁረጡና በወገብ ልክ ምሰሶ ላይ እሰሩት። ለምሰሶው ጎናችሁን ስጡ። ጎማውን ከምሰሶው በራቀው እጃችሁ ያዙ። ክርናችሁን እጠፉና ከጎናችሁ ጋር አጣብቁት፤ በመሀል የታጠፈ ጨርቅ ይግባ። አሁን መዳፋችሁን ከሆዳችሁ ወደ ውጭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ጨርቁ ከወደቀ ክርናችሁ ሸሽቷል ማለት ነው። አስራ አምስት ጊዜ በየጎኑ። ቀላል ይመስላል፤ አስረኛው ላይ ያቃጥላል። ከዚያ በሁለት እጅ ወደ ደረት መሳብ ጨምሩበት።

«በሦስተኛው ዙር እጅ የሚወርደው ትከሻ ስለደከመ ነው»

አንዳንዴ አዎ። የአማተር ውድድር ሦስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፤ ጋርድ ይዞ መቆየት ራሱ ሥራ ነው። ግን አብዛኞቹን ልጆች ስመለከት ገና ከደወሉ ጀምሮ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር ገብቷል። ጡጫቸውን ሳይመቱም ጨብጠውታል፣ ትንፋሻቸውንም ይዘዋል። እንዲህ የተወጠረ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል። የጎጃም ልጅ እስክስታ ሲወርድ ትከሻው እንዴት ልቅ እንደሚሆን አስታውሱ። ያ ልቅነት ሪንግ ውስጥም ያስፈልጋል፤ ጡጫ የሚጨበጠው ሊያርፍ ሲል ነው።

ክብደት ማንሳት ጡንቻን አደንድኖ ቡጢን ያዘገያል የሚባለውም ልክ አይደለም። በሙሉ ዝርጋታ ከተሠራና ፈጣን ልምምድ ከታከለበት አያዘገይም።

«ህመሙ ይለመዳል፣ በወጌሻ መታሸት ይበቃል»

በማግስቱ ጡንቻ ቢዝል ጤና ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ክንድ አላነሳ የሚል ህመም ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው። የተቀደደ ጅማት በእሽት አይገጥምም።

ልጁን ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ፤ ጅማቱ አልተቀደደም፣ ተቆጥቷል። ለጊዜው ቡጢ ተከልክሏል። ዳምቤሎቹን እኔ ጋ ትቶ፣ የብስክሌት ጎማውን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።