ኮይምብራ፦ ማደር የምትፈልግ የተማሪ ከተማ

ኮይምብራ ፖርቱጋል መሃል፣ ከሞንዴጎ ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች የተማሪ ከተማ ናት። ከሊዝበን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ጎብኚ ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። ያስቆጫል። የከተማዋ ደርዝ የሚገለጠው ሲመሽ ነውና።

ዩኒቨርሲቲው በ1290 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት መቀመጫው ሊዝበን ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲንከራተት ቆይቶ በ1537 ንጉሥ ዡዋው 3ኛ ኮይምብራ ላይ ለዘለቄታው አሳረፉት። ቤተ መንግሥታቸውም መማሪያ ሆነ። ዛሬ ጎብኚ የሚሰለፍበት ሰፊ ግቢ ይኸው ነው።

ከታችኛው ከተማ ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ «ኬብራ ኮሽታሽ» ይባላል፤ «ጀርባ ሰባሪ» እንደማለት ነው። ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ደህና ጫማ አድርጉ።

የግቢው ጌጥ ዡዋኒና ቤተ መጻሕፍት ነው። ሥራው በ1717 ተጀምሮ በ1728 አለቀ። መደርደሪያው በወርቅ ቅብ ያጌጠ፣ ጣሪያው በሥዕል የተሞላ ነው። የእኔን ልብ የወሰዱት ግን የሌሊት ወፎቹ ናቸው። እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይኖራሉ። ሲጨልም ይወጡና መጽሐፍ የሚያበላሹትን ነፍሳት እየለቀሙ ይበላሉ። ሠራተኞቹም ማታ ከመውጣታቸው በፊት የጥንቶቹን ጠረጴዛዎች ቆዳ ያለብሷቸዋል፤ ጠዋት የወፎቹን ኩስ ይጠርጋሉ። እንዲህ ያለ ጉርብትና የትም አላየሁም! ቲኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት ስለሚጻፍ በሰዓቱ ተገኙ።

ከግቢው አጠገብ ያሉትን ግዙፍ ሕንጻዎችም ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። የተሠሩት በአምባገነኑ ሳላዛር ዘመን ነው፤ ሰውየው ራሱ እዚሁ አስተምሯል። በ1940ዎቹ የላይኛው ከተማ የቆየ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ተነሳ። የስንት ሰው ጓዳ እንደነበረ ሲያስቡት ሆድ ያባባል። ከሕንጻዎቹ አንዱ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ፣ በ1969 ሲመረቅ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት በአገሪቱ ፕሬዚዳንት ፊት ልናገር ብሎ ተከለከለ። ነገሩ ተቀጣጥሎ ትምህርትና ፈተና የማቆም አድማ ሆነ።

ከራት በኋላ ፋዶ፣ የፖርቱጋሎቹ የትካዜ ዘፈን፣ አለ። የኮይምብራ ፋዶ በልማድ የወንዶች ዜማ ነው። ጥቁር ካባ የደረቡ ተማሪዎችና የቀድሞ ተመራቂዎች በጊታር ይዘፍኑታል። በግንቦት የተማሪዎች በዓል ሰሞን በአሮጌው ካቴድራል ደረጃ ላይ እኩለ ሌሊት ይዘፈናል፤ አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ዘፈኑ ሲያልቅ ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። እዚህ በልማዱ አድናቆት የሚገለጸው ጉሮሮን ጠረግ ጠረግ በማድረግ ነው።